ቤቢ ሬስ፦ የውርንጭላ ሽምጥ

ቤቢ ሬስ በአሜሪካ የፈረስ እሽቅድምድም ቋንቋ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት ለሁለት ዓመት ፈረሶች የሚዘጋጅ የአጭር ርቀት ውድድር ነው። አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች ከዚያ በፊት ሮጠው የማያውቁ ናቸው። የሮጡትም ቢሆኑ በአብዛኛው አሸንፈው አያውቁም፤ እንዲህ ያለው ፈረስ «ሜይደን» ይባላል፤ በአማርኛ «ድል ያላየ» ማለት ይቻላል።

ውድድሩ ራሱ «የውርንጭላ ሽምጥ» ቢባል ይስማማዋል። ውርንጭላ ጡት የሚጠባው ብቻ አይደለም፤ በሆሳዕና ታሪክ እንደተጠቀሰው ማንም ያልተቀመጠበት፣ ለመጫን የደረሰ ወጣት እንስሳም ነው። ሽምጥ ደግሞ ጉልበት ሳይቆጥቡ የሚጋልቡት ግልቢያ ነው።

ቶሮብሬድ የተባለው የእሽቅድምድም ዝርያ ዕድሜው በልደት ቀኑ አይቆጠርም። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ሁሉም ጃንዋሪ 1፣ በአውስትራሊያ ደግሞ ኦገስት 1 አንድ ዓመት ይጨምራሉ። በመሆኑም በሜይ የተወለደ ውርንጭላ በኤፕሪል ሲሮጥ በመዝገብ ሁለት ዓመት ቢባልም ገና 23 ወሩ ነው፤ ከጎኑ የተሰለፈው የጃንዋሪ ልጅ በአራት ወር ይበልጠዋል። በዚህ ዕድሜ አራት ወር በአካል ላይ ይታያል። አርቢዎች ባዝራዎቻቸው በዓመቱ መባቻ እንዲወልዱ የሚጥሩትም ለዚህ ነው።

ከቤቢ ሬስ ውድድሮች የታወቁት በኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን ከተማ በሚገኘው በኪንላንድ ሜዳ በኤፕሪል የሚካሄዱት ናቸው። ርቀታቸው አራት ተኩል ፈርሎንግ፣ ማለትም 905 ሜትር ገደማ ሲሆን አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃሉ። ርቀቱ ያጠረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የፈረሶቹ አጥንት ገና እየጠነከረ ስለሆነ ልምምድ ሲበዛባቸው ከጉልበት በታች ያለው የፊት እግር አጥንት ይታመማል። ሁለተኛ፣ ወጣት ፈረስ ትንፋሹን ቆጥቦ መሮጥን ገና አልተማረም።

በእንዲህ ያለ አጭር ሩጫ አነሳስ ወሳኝ ነው፤ ዘግይቶ የወጣ ፈረስ የሚያካክስበት ርቀት አያገኝም። ስለዚህ አሠልጣኞች ውርንጭላውን ወደ ጠባቡ የመነሻ በር መግባትን፣ በዚያ ረግቶ መቆምንና በሩ ሲከፈት ወዲያው መፈትለክን አስቀድመው ያለማምዱታል። የበሩ ኃላፊዎች ብቁ ነው ካላሉ ለመጀመሪያ ውድድሩ አይሰለፍም።

ያለፈ ውጤት ስለሌለ ተወራራጆች የሚመለከቱት ሌላ ነገር ነው፦ አባትየው ቶሎ የሚደርሱ ፈጣን ልጆችን የሚያስገኝ ድንጉላ መሆኑን፣ በጠዋት ልምምድ የተመዘገበውን ሰዓት፣ አሠልጣኙ ጀማሪ ፈረሶችን ለድል በማብቃት ያለውን ስም።

በእንግሊዝ የቅርብ አቻው ዶንካስተር ላይ በአምስት ፈርሎንግ፣ ማለትም በ1,000 ሜትር ገደማ የሚካሄደው ብሮክልስቢ ነው፤ የወቅቱ የሁለት ዓመት ፈረሶች ውድድር በልማድ የሚከፈተው በእርሱ ነው። በሲድኒ፣ ሮዝሂል ከ1957 ጀምሮ የሚካሄደው የ1,200 ሜትሩ ጎልደን ስሊፐር ግን የሁለት ዓመት ፈረሶች ቢሮጡበትም ቤቢ ሬስ አይባልም፤ የሚሰለፉበት የተመረጡ ፈጣኖች እንጂ ጀማሪዎች አይደሉም።

ቤቢ ሬስ ያሸነፈ ፈረስ «ድል ያላየ» መባሉ ስለሚያበቃ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ይሸጋገራል። በአሜሪካ በበጋ ርቀቱ ወደ ስድስትና ሰባት ፈርሎንግ ያድጋል፤ በመጸው ምርጦቹ ብሪደርስ ከፕ ጁቨናይል በተባለው ውድድር 1,700 ሜትር ያህል ይሮጣሉ። «ቤቢ ሬስ» የሚለው ስያሜ የሚያገለግለው ከዚህ ሁሉ በፊት ላሉት አጫጭር የመጀመሪያ ውድድሮች ብቻ ነው።