ከኮሌጁ ግቢ እስከ ሩዝ ማሳው

ከጣራ ገዳም ግርጌ እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋው ሜዳ ርብና ጉማራ በክረምት ሲሞሉ ውኃ ይተኛበታል። ቀደም ሲል አብዛኛው የከብት ግጦሽ ነበር፤ ዛሬ የሩዝ አገር ሆኗል። በዚህ ለውጥ ውስጥ የግብርና ትምህርት ተቋማት ድርሻ ምን ነበር? በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ይህን ታሪክ በአጭሩ ማንሣት ተገቢ ይመስለኛል።

በአገራችን ከፍተኛ የግብርና ትምህርት የተጀመረው በ1940ዎቹ ነው። ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት ትምህርቱ በጅማ ተጀምሮ ወደ ዓለማያ፣ ወደ ዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ተዛወረ። ዓለማያ ማስተማርን፣ ምርምርንና ለአርሶ አደሩ ትምህርት ማድረስን በአንድ ግቢ ይዞ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ግን አርሶ አደሩን የማስተማሩ ሥራ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተላለፈ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ለብቻው ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ መምህሩ፣ ተመራማሪውና የልማት ሠራተኛው በየፊናቸው ሲሠሩ ኖረዋል።

ሩዝ ወደ ሜዳችን የገባው በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ነው። በረግረጉ የዱር ሩዝ መብቀሉ ታይቶ፣ በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በፎገራ ሻጋና በደራ ጅግና የአምራቾች ማኅበራት ማሳ ላይ ሙከራ አደረጉ። በመጋቢት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ የአምራቾች ማኅበራት ፈረሱ፤ መሬቱም ተከፋፈለ። ዘሩ ግን በአርሶ አደሩ ጎተራ ቀረ። እናቶቻችን ከጤፍ ደባልቀው እንጀራ ጋገሩት፣ ጠላ ጠመቁበት፤ ገለባውም ለከብት ሆነ። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ዛሬም የጅግናን ስም ይዞ ይዘራል።

የወረታ ግብርና ኮሌጅ የተከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣቶችን በእፅዋት፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ሙያ እያሠለጠነ ለየቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አፍርቷል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚሁ በፎገራ ተቋቋመ። በ1950ዎቹ የተለያዩት ሥራዎች እነሆ እንደገና ጎረቤት ሆነዋል።

ጉርብትና ብቻውን ግን ጥቅም አያስገኝም። አርሶ አደሩ የሚፈልገው ያልተደባለቀ ዘር፣ የሩዝ መፈልፈያ የሚጠግን መካኒክ፣ ሩዙ ሳይሰባበር የሚፈለፍል ባለሙያና የማኅበሩን ሒሳብ በትክክል የሚይዝ ሠራተኛ ነው። እነዚህ ሁሉ ከየተቋማቱ ሊወጡ የሚችሉ ሙያዎች ናቸው። ለዚህም ጠያቂ ያስፈልጋል። ዩኒየናችን በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ የአባላቱን ችግር በዝርዝር ይዞ ለኮሌጁ፣ ለዩኒቨርሲቲውና ለምርምር ማዕከሉ ቢያቀርብ፣ ለተማሪዎችም የመለማመጃ ማሳ ቢሰጥ፣ የወረዳው አስተዳደርም ቢያስተባብር፣ የአካባቢያችን ልጆች በአካባቢያቸው ሙያና ሥራ ያገኛሉ።

የጅግና ማኅበር ፈርሶ ዘሩ የቀረው አርሶ አደሩ ስለተቀበለው ነው። የትምህርት ተቋማቱም ሥራ ሥር የሚሰደው እንደዚሁ ነው። መልካም በዓል!