የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ አመልካቹ ለቃለ መጠይቅ ከመቅረቡ በፊት ስለ እርሱ የሚናገርለት ጽሑፍ ነው። የትምህርት ማስረጃ የተማረውን፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ የሠራበትን ቦታ ይገልጻል። ደብዳቤው ደግሞ ሁለቱ ለተፈለገው ሥራ የሚሰጡትን ጥቅም ያስረዳል።

በየከተማው ባሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ስምና ቀን ብቻ እየተቀየረ የሚታተም ማመልከቻ ግን ይህን አያደርግም። ከብትና እህል ሸጦ ልጁን ያስተማረ ቤተሰብ የልፋቱን ፍሬ በሚጠብቅበት ሰዓት አመልካቹ ከሌሎች ሳይለይ ይቀራል።

ማስታወቂያውን ማንበብ

በቅድሚያ በማስታወቂያው ላይ የሰፈሩትን የሥራ መደብ መጠሪያ፣ ተፈላጊ ችሎታ፣ የሥራ ቦታና የመመዝገቢያ ጊዜ በወረቀት መገልበጥ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ተፈላጊ ችሎታ ደብዳቤው መልስ ሊኖረው ይገባል። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከወጣና ሌላ ቋንቋ ካልተጠየቀ ደብዳቤውም በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ይመረጣል።

የደብዳቤው ቅርጽ

ከላይ በስተቀኝ ቀን፣ በስተግራ የተቀባዩ መሥሪያ ቤት ስምና ከተማ ይጻፋል። ቀጥሎ «ጉዳዩ፦ የሥራ ማመልከቻ ስለማቅረብ» የሚለው መሐል ላይ ይሰፍራል። ከዋናው ሐሳብ በኋላ «ከሰላምታ ጋር» ተብሎ ፊርማ፣ ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር ይቀመጣል። በአባሪነት የቀረቡ ማስረጃዎች ብዛትም ይጠቀሳል። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ መልካም ነው።

ዋናው ሐሳብ

የመጀመሪያው አንቀጽ የሥራ መደቡንና ማስታወቂያው የወጣበትን ቀን ይጠቅሳል። ሁለተኛው አመልካቹ የሠራውን በቦታ፣ በጊዜና በመጠን ያስረዳል። የመጨረሻው ለፈተናና ለቃለ መጠይቅ ዝግጁነትን ይገልጻል።

ብዙ ማመልከቻዎች የሚደክሙት በሁለተኛው አንቀጽ ነው። «ሥራ አጥ በመሆኔና ቤተሰቦቼ ችግረኞች ስለሆኑ እንድትቀጥሩኝ በትሕትና እለምናለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያሳዝን ይሆናል እንጂ የአመልካቹን ችሎታ አያሳይም። ለሰብል ልማት ባለሙያነት የሚወዳደር የዕጽዋት ሳይንስ ምሩቅ፣ በእርግጥ የሠራው ከሆነ፣ እንዲህ ቢጽፍ ይሻላል፦

«በተግባር ልምምድ ወቅት ለሁለት ወራት ከልማት ጣቢያ ሠራተኞች ጋር ሆኜ 15 አርሶ አደሮች ስንዴን በመስመር እንዲዘሩ አግዣለሁ። በቤተሰቤ ግማሽ ሄክታር ማሳም ለሦስት ዓመታት ሽንኩርት በመስኖ አምርቻለሁ።»

ደመወዝ ያልተከፈለበት የእርሻ ሥራም ለመደቡ የሚጠቅም እስከሆነ ድረስ መጻፍ አለበት። በሥራ ልምድነት ባይያዝ እንኳ ለቃለ መጠይቅ መነሻ ይሆናል። ያልተሠራን ሥራ መጻፍ ግን ጠያቂው ዝርዝር ሲያነሳ አመልካቹን ያሳፍራል።

ማስረጃና የዘመን አቆጣጠር

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሚመለከታቸው የሥራ ቦታዎች የሠራ ሰው ውሉ ሲቋረጥ ወይም በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለው። ስለዚህ የቀድሞ አሠሪን ማስረጃ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም።

በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል እንደ ወሩ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለ። ሁለቱን መቀላቀል የአገልግሎት ዘመንን ያዛባል። በመሆኑም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ተብሎ መለየት ይኖርበታል።

ከማስገባት በፊት

የመሥሪያ ቤቱ ስምና የሥራ መደቡ ከማስታወቂያው ጋር፣ የአመልካቹ ስም አጻጻፍ ከትምህርት ማስረጃው ጋር መመሳሰላቸው ይረጋገጥ። ደብዳቤውን ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ቢያነበው የተዘለለ ቃል ይገኛል። ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ የጻፉትን ለማስታወስ አንድ ቅጂ ማስቀረት ይጠቅማል።