የፈሩት ይደርሳል፦ ከሩምቤክ መማሪያ ክፍል እስከ ፑኝዶ መጠለያ



በጋምቤላ ክልል፣ በአኝዋክ ሕዝብ ምድር፣ ከጊሎ ወንዝ አጠገብ ፑኝዶ የምትባል ከተማ አለች። ብዙ ኢትዮጵያዊ ስሟን እንኳ በቅጡ አያውቀውም። በውጭው ዓለም ግን ታሪኳ በመጻሕፍት ተጽፏል፤ በፊልምም ተነግሯል። ከ1987 ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን በእግራቸው የመጡ፣ ወላጅ ያልተከተላቸው በሺሕ የሚቆጠሩ ወንዶች ልጆች ያረፉት እዚያ ነበርና። ዓለም «የጠፉት ልጆች» ብሎ የሰየማቸው እነዚህን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጆቹን ያፈናቀላቸው ጦርነት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ጦርነቱንስ ምን ወለደው? ቢባል መልሱ ብዙ ነው፤ ዘር፣ ነዳጅ፣ ሥልጣን፣ የኃያላኑ ፉክክር። እያንዳንዱ የየራሱ ድርሻ አለው። ዛሬ ላነሣ የምፈልገው ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን አንዱን ሥር ነው፤ ይኸውም የመማሪያ ክፍሉን ነው። የካርቱም መንግሥት የተማሪን ጸሎት የጸጥታ ሥጋት አድርጎ በመቁጠሩ፣ የፈራውን ጠላት በገዛ እጁ ፈጠረ።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። እንግሊዞች ሱዳንን ሲገዙ ሰሜኑንና ደቡቡን እንደ ሁለት አገር ለያይተው ነበር ያስተዳደሩት። በደቡብ ትምህርትን ለሚስዮናውያን ተዉት፤ ካቶሊኩ፣ አንግሊካኑና የአሜሪካው ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን አገሩን ተከፋፍለው ትምህርት ቤት ከፈቱ። (ይኸው የአሜሪካ ሚስዮን ነው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ድንበር ተሻግሮ፣ በጋምቤላ በባሮ ወንዝ ዳር ፖክዎ በተባለ ስፍራ ለአኝዋኮች ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ያቋቋመው።) የደቡቡ ልጅ እንግሊዝኛና መጽሐፍ ቅዱስ ሲማር፣ የሰሜኑ እኩያው በዓረብኛና በቁርኣን አደገ። አንዱ የሌላውን ሃይማኖት ከወሬ በቀር ሳያውቀው ሁለቱም ጎለመሱ። የደቡቡ ልጅ ስለ ሰሜኑ የሚሰማው የባሪያ ፍንገላውን ዘመን ነበር፤ የሰሜኑ ሹም ደግሞ ደቡቡን ሃይማኖትም ሥልጣኔም እንደሌለው ባዶ ዕቃ ይመለከተው ነበር። ጭፍን ጥላቻ በሁለቱም ወገን ነበረ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ አንደኛው ወገን መንግሥት መሆኑ ነው።

በነሐሴ 1955፣ የሱዳን ነጻነት ሊታወጅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በቶሪት የሠፈረው የደቡብ ጦር አመፀ። በግርግሩ ከ300 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ሰሜናውያን ነበሩ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ይገኙባቸዋል። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ የካርቱም ሰዎች መደንገጣቸውም አግባብ ነው። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ግን መንሥኤውን መርምሮ፣ ችግሩ ፖለቲካዊ እንጂ ሃይማኖታዊ አለመሆኑን በግልጽ አስቀምጦ ነበር። እንግሊዞች ከለቀቋቸው 800 ያህል የመንግሥት የሥራ ቦታዎች ውስጥ ለደቡባውያን የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ነበሩ። ቁጣው ከዚህና ይህን ከመሰለ በደል የተነሣ ነበር።

ዳሩ ግን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፣ ገዥዎቹ የራሳቸውን ኮሚሽን ቃል ወደ ጎን ትተው ጣታቸውን ወደ ትምህርት ቤቱ ቀሰሩ። በ1957 የሚስዮን ትምህርት ቤቶችን መንግሥት ወረሰ። በ1958 ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ከያዙ በኋላ ደግሞ እርምጃው ከረረ። ዓረብኛ በየትምህርት ቤቱ በግዴታ ገባ፤ የቁርኣን ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ድጋፍ ተስፋፉ። በ1960 በደቡብ የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ከእሑድ ወደ ዓርብ ተዛወረ። ተማሪዎች አድማ መቱ። ተቃውሞውን የሚደግፍ ጽሑፍ በትኗል የተባለ አንድ ካህን የ12 ዓመት፣ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም የ10 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

ልብ በሉ! ተማሪዎቹ ጠመንጃ አላነሡም። የጠየቁት እሑድን ነበር።

በዚህም አላበቃም። በ1962 ሚስዮናውያን ያለ መንግሥት ፈቃድ አንዳች ሥራ እንዳይሠሩ የሚከለክል ሕግ ወጣ። በ1964 መጀመሪያ፣ ዐመፅ ያነሣሣሉ ተብለው፣ በደቡብ የነበሩት 300 ያህል የውጭ አገር ሚስዮናውያን በሙሉ ተባረሩ። የካርቱም ባለ ሥልጣናት መምህሩን ካባረርን ተማሪው ዝም ይላል ብለው አስበው ይሆናል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በ1962 የትምህርት ቤት አድማው ከሩምቤክ አንሥቶ በደቡቡ ሁሉ ሲዛመት፣ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ዑጋንዳ፣ ወደ ኮንጎና ወደ ኢትዮጵያ ጎረፉ። በ1963 አኛኛ የተባለው የሽምቅ ጦር ሲነሣ፣ ከቶሪት ከተረፉት አሮጌ ወታደሮች ጎን የተሰለፉት እነዚህ ከክፍላቸው የወጡ ልጆች ነበሩ። ከዚያው ትውልድ አንዱ፣ በሩምቤክ የተማረው ጆን ጋራንግ፣ ዕድሜህ ለጦርነት አልደረሰም ተብሎ ትምህርቱን እንዲቀጥል ወደ ታንዛኒያ ተላከ። ኋላ ምን እንደ ሆነ ዓለም ያውቃል። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ማለት ይህ አይደለምን?

መድኃኒቱም በታሪኩ ውስጥ አለ። በ1972 በዓፄ ኃይለ ሥላሴ ሸምጋይነት አዲስ አበባ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ደቡቡ ራስ ገዝ ሆነ፤ የሃይማኖት ነጻነቱም በሕግ ታወቀለት። ለ11 ዓመታት ያህል ጠመንጃው ጸጥ አለ። ከዚያ በ1983 ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ስምምነቱን አፈረሱ፤ በመስከረም ወርም የሸሪዓን ሕግ በመላው አገሪቱ አወጁ። በዚያው ዓመት ኮሎኔል ጋራንግ ጫካ ገቡ፤ የሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ሠራዊትም በእኛው በጋምቤላ ምድር፣ በደርግ ስንቅና ትጥቅ ተደራጀ። የፑኝዶ ልጆች የተሰደዱት በዚህ ጦርነት ነው።

ልጆቹ ፑኝዶ ሲደርሱ ብዙዎች በረኃብና በበሽታ ረገፉ። የተረፉት ከዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ በጣታቸው አፈር ላይ ፊደል እየጻፉ መማር ጀመሩ፤ ኋላም በገዛ ጉልበታቸው ክፍሎች ሠሩ። እሑድን የማይነጥቃቸው ትምህርት ቤት አገኙ ማለት ነው፤ ከመካከላቸው ብዙዎች ክርስትናን የተቀበሉትም በዚያ ነበር። ሆኖም ነጻ አውጪ የተባለው ሠራዊት ልጆቹን ያየው እንደ ተማሪ ብቻ አልነበረም። «ቀይ ጦር» ብሎ ሰየማቸው፤ ጠና ያሉትን ውትድርና አሠለጠናቸው፤ ወደ ግንባር የተላኩም አሉ። ካርቱም ተማሪውን እንደ ጠላት አየው፤ አማፂው ደግሞ እንደ ወታደር። እንደ ልጅ ያየው ማን ነበር? የአኝዋክ ገበሬም ቢሆን፣ ሳይጠየቅ በመሬቱ ላይ የሠፈረበትን ታጣቂ እንግዳ ችሎ እንዲኖር ተፈርዶበት ነበር፤ በዚህም የተነሣ ደም ፈስሷል።

በግንቦት 1991 ደርግ ሲወድቅ፣ የጋራንግ ሠራዊት የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም አጋር ነበረና በአዲሶቹ ድል አድራጊዎች ዘንድ በጠላትነት ታየ። መጠለያው ባዶ ሆነ። ልጆቹ በተኩስ መካከል ጊሎን ሲሻገሩ ብዙዎች ውኃ በላቸው። የቀሩት በፖቻላ በኩል አልፈው በ1992 ኬንያ፣ ካኩማ ደረሱ።

ከዚህ ሁሉ የእኛ ገዥዎች ምን ተማሩ? ደርግ በካርቱም ላይ አማፂ ሲያስታጥቅ፣ በገዛ ከተሞቹ «ጴንጤ» ያላቸውን ተማሪዎች ፀረ አብዮትና የኢምፔሪያሊዝም ወኪል እያለ ያስርና ይገርፍ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን በ1979 አፍኖ ገደላቸው። ኢሕአዴግም በተራው፣ በ2008 ተማሪዎች በቡድን እንዳይጸልዩና ሴቶች ኒቃብ እንዳይለብሱ የሚከለክል መመሪያ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል አወጣ። በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በአወሊያ ትምህርት ቤት 50 ያህል የዓረብኛ መምህራን ተሰናበቱ። ተማሪዎቹ ተቃወሙ፤ ተቃውሞውም «ድምፃችን ይሰማ» በሚል መፈክር ዓርብ ዓርብ ከመስጊድ ወደ መስጊድ ተዛመተ። መንግሥት አል ቃኢዳንና ሰለፊነትን እየጠራ ነገሩን የሽብር ጉዳይ አደረገው። በሐምሌ 2012 ፖሊስ አወሊያ ገባ፤ ሕዝቡ የመረጣቸው የኮሚቴ አባላትም ታሰሩ። በ2015 በፀረ ሽብር ሕጉ 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በኋላ ከ2016 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ተፈቱ። አሸባሪ ከነበሩ ስለ ምን ተፈቱ? ካልነበሩስ ስለ ምን ታሰሩ?

ቅርቡንም እንጨምር። በ2025 መባቻ በአክሱም ከተማ ሒጃብ በመልበሳቸው ከክፍል የታገዱ 159 ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና ሳይመዘገቡ መቅረታቸው ተሰማ፤ ፍርድ ቤትም ክልከላውን አገደ። እዚህ ላይ የሽብር ስም እንኳ አልተጠራም። ልማድ ብቻውን በቅቶ ነበር።

«መንግሥት ታዲያ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሶማሊያ አል ሸባብ አለ፤ በአገራችንም በሃይማኖት ስም ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ተቃጥሏል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ነገር ግን ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የማመንንና የማምለክን መብት ያረጋግጣል። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻለው ወንጀልን በሠሪው ላይ ፈልጎ በማስረጃ በመጠየቅ ነው። የቶሪትን ግድያ መፋረድ የመንግሥት ግዴታ ነበር፤ የተማሪውን እሑድ መውሰድ ግን ፍርድ አልነበረም። በግድያው እጁ ያልነበረበት ልጅ ነው የተቀጣው፤ ያ ልጅም አድጎ መለሰ።

የካርቱም ፍርሃት ሐሰት እንደ ነበር የመሰከረው ደግሞ ራሱ ጊዜ ነው። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 ነጻ አገር ሆነች፤ በታኅሣሥ 2013 በገዛ ልጆቿ መካከል ጦርነት ፈነዳ። ሁለቱም ወገኖች የሚያነቡት አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ስደተኛውም እንደገና ወደ ጋምቤላ፣ እንደገናም ወደ ፑኝዶ መጣ። ችግሩ በልጆቹ እጅ የነበረው መጽሐፍ ሳይሆን፣ የሥልጣንና የፍትሕ ጉዳይ እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

የሚቀጥለውን ተማሪ ከክፍል ለማስወጣት ብዕሩን የሚያነሣ ሹም ካለ፣ ከመፈረሙ በፊት ወደ ፑኝዶ ይመልከት። ከዚህ በር የሚወጣው ልጅ በየትኛው በር እንደሚመለስ ታሪክ ነግሮታልና።

ልብ ያለው ልብ ይበል! ቸር ይግጠመን።