በከፍታ የሚነገር ምክር፣ በልዋጭ የሚነገር ዋጋ፦ የአካባቢ ሬዲዮ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

አኅጽሮት

ይህ መጣጥፍ የአካባቢ ሬዲዮ ለመካነ ሰላምና ለመቅደላ አካባቢ አድማጮች የሚሰጠው የእርሻ፣ የጓሮና የሸማች ምክር ምን መልክ ቢይዝ እንደሚጠቅም ይመረምራል። ምክሩ በወረዳ ስም ሳይሆን በከፍታ መነገር፣ ዋጋውም በብር ብቻ ሳይሆን በልዋጭ፣ ማለትም አንዱ ዕቃ በሌላው ሲለወጥ በሚያመጣው መጠን፣ መገለጽ አለበት ሲልም ይሞግታል።

1. መልክዓ ምድርና ሞገድ

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በስተ ምዕራብ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይቆለቆላል፤ በደንቆሮ ጫካ በኩል ደግሞ አስታና ጅብራ ወደሚበቅሉበት ብርዳም ከፍታ ይወጣል። መቅደላን ከደላንታ የሚለየውም ጥልቁ የበሽሎ ሸለቆ ነው። የሙቀት መጠን በየ100 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ የማሽላ ቆላና የገብስ ደጋ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ይገናኛሉ።

ይኸው ገደላማ ምድር ሬዲዮንም ይፈትናል። ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው መስመር የሚሠራጨው የኤፍ ኤም ሞገድ በአመዛኙ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ፣ ከተራራ ጀርባ ያለ መንደር ጥርት አድርጎ አይሰማውም። አጭር ሞገድ ግን ከላይኛው ከባቢ አየር ነጥሮ ስለሚመለስ ተራራ አያግደውም። በ1955 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ድምፁን ከአዲስ አበባ ወደ ሩቅ አገሮች ያደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ይሁንና ለብዙ አገር የሚናገር ጣቢያ ለአንድ ሸንተረር ገበሬ ነጥሎ ሊናገር አይችልም። በ2013 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ጣቢያዎችን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ሲከፍል ለቅርብ ድምፅ ሕጋዊ ቦታ ሰጥቷል። በእንዲህ ያለ ምድር ግን ፈቃዱ ብቻውን አይበቃም፤ ሞገዱን ተቀብለው ወደ ሸለቆው የሚያሻግሩ ማሰራጫዎችም ያስፈልጋሉ።

2. ወቅት፣ ማሳና ጓሮ

የአገሪቱ የሚቲዎሮሎጂ ተቋም ዓመቱን በጋ፣ በልግና ክረምት ብሎ በሦስት ይከፍላል። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚዘልቀው በልግ ለወሎ ደገኛ እንደ ትርፍ ዝናብ የሚታይ አይደለም፤ ገብሱን ያበቅላል፣ ለከብቱ ሣር ያደርሳል፣ ለመኸሩም መሬት ያለሰልሳል። ስለዚህ «በምሥራቅ አማራ ከመደበኛ በታች ዝናብ ይኖራል» የሚል ትንበያ እንዳለ ሲነበብ ለገበሬው ውሳኔ እምብዛም አያግዝም። ያው ትንበያ ለደጋው የበልግ ዘሪ፣ ለወይና ደጋው ጤፍ አራሽና ለቆላው ማሽላ ዘሪ ተለያይቶ ሲተረጎም ግን ምክር ይሆናል።

«ገበሬው የሚኖርበትን ከፍታ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሬዲዮው ምን ሊጨምርለት?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ የሬዲዮውን ድርሻም በትክክል ያሳያል። ገበሬው የማያየው ከሸንተረሩ ማዶ ያለውን ነው። ቆርምድ የሚባለው የባቄላ በሽታ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ባለፉት አሥርት ዓመታት በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ደጋ የተሠራጨው ይህ በሽታ ቅጠሉን ከላይ ያጎደጉዳል፣ ከሥር ያሳብጣል፤ እርጥበትና ብርድም ይስማማዋል። በአንዱ ደጋ የታየው ምልክት በዚያው ሳምንት ለሌላው ደጋ ቢነገር፣ ባለማሳው ቡቃያውን እየገለጠ ለማየት ጊዜ ያገኛል።

ጓሮውም እንዲሁ ነው። ጎመን፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ብዙውን ጊዜ በሴቶች እጅ ናቸው፤ ፕሮግራሙ ወጥ በሚሠራበትና ከብት በሚገባበት ሰዓት ቢተላለፍ ሰሚ ያጣል። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ የሚበረታው ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ በቆመ ሌሊት ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ወደ ረባዳው ስለሚወርድ፣ ከተዳፋቱ ጓሮ ይልቅ የረባዳው ጓሮ ቀድሞ ይመታል። ጥርት ያለ ሌሊት መምጣቱን አመሻሽ ላይ የሚናገር ጣቢያ ችግኝ በገለባ ለመሸፈን ጊዜ ይሰጣል።

የዱር ሕይወት ምክርም ከጓሮ የራቀ አይደለም። በአካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይገኛሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ እየተላለፈ መንጋዎችን እንደጨረሰ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ ታይቷል። ውሻን ማስከተብ ልጅንም ቀበሮንም ያድናልና፣ መልእክቱ በጤና ፕሮግራም ውስጥ ቢገባ የተሻለ አድማጭ ያገኛል።

3. ገበያ

የዋጋ መረጃ ኃይል እንዳለው የኡጋንዳ ልምድ ያሳያል። ስቬንሰንና ያናጊዛዋ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የገበያ ዋጋ በሬዲዮ በሚነገርባቸው ወረዳዎች ሬዲዮ ያላቸው ገበሬዎች በቆሎአቸውን 15 በመቶ ያህል በተሻለ ዋጋ ሸጠዋል። ነጋዴው ብቻ ያውቀው የነበረውን ሻጩም ሲያውቅ ድርድሩ ይለወጣል።

የወሎ ታሪክ ግን ሌላም ያስተምራል። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የ1965 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ ሲመረምር፣ የደሴ የእህል ዋጋ ከቀደሙት ዓመታት ብዙም እንዳልናረ አሳይቷል። የተናጋው የሕዝቡ የመግዛት አቅም ነበር፤ ምርቱ የጠፋበት ገበሬ የሚሸጠው አጣ፣ የአርብቶ አደሩም ከብት በእህል ሲለወጥ ዋጋ አጣ። በዚያ ዓመት የጤፍን ዋጋ ብቻ ያነበበ ጣቢያ ቢኖር ኖሮ ገበያው ደኅና ነው ባለ ነበር። ስለዚህ የሳምንቱ የገበያ ዜና አንድ በግ ስንት ቁና ገብስ እንደሚያመጣ አብሮ መናገር አለበት። ይህ ልዋጭ በተከታታይ ሲያሽቆለቁል ከየትኛውም ነጠላ ዋጋ ቀድሞ አደጋን ያመለክታል።

ለሸማቹ ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መነሻ ይሆናል። ነጋዴው ዋጋ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ይህን መብት የሚያውቅ የገጠር ገዢ ግን ጥቂት ነው። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ የአትክልት ቅባት መቀላቀል የታወቀ ማጭበርበር በመሆኑ፣ ምክሩ የዕቃውን መፈተሻና አቤት የሚባልበትን ቢሮ አጣምሮ ቢነግር ይመረጣል።

4. ማጠቃለያ

የአካባቢ ሬዲዮ ገበሬውን እርሻ የሚያስተምር መምህር ልሁን ካለ ይሸነፋል፤ ከሸንተረሩ ማዶ ያለውን የሚያሳውቅ ጎረቤት ሲሆን ግን የሚተካው የለም። ለዚህም ሦስት ነገሮች ይመከራሉ፦ የአየር ትንበያን በቆላ፣ በወይና ደጋና በደጋ ከፍሎ ማቅረብ፤ የበግና የእህል ልዋጭን በየሳምንቱ ማሳወቅ፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬዎች ምክር ሲሰጥ የቆየውን የ8028 የስልክ መስመር ከፕሮግራሙ ጋር ማያያዝ። ሦስቱም አዲስ ጣቢያ ሳያስፈልግ አሁን ባለው የአየር ሰዓት ሊጀመሩ ይችላሉ።