የሳቁ ጌታ ማን ነው? ስለ ቻርሊ ቻፕሊን «ሰርከስ»

የታሪክ ተማሪ ሰነድ ሲያገላብጥ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን የተዘለለውንም ማንበብ አለበት። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ያለፈው ሽንፈት፣ አድምቆ ከጻፈው ድል የማያንስ ነገር ይነግረናል። ይህ ደንብ ለነገሥታት ብቻ የሚሠራ ይመስለናል። እስቲ ዛሬ በአንድ አስቂኝ ሰው ላይ እንሞክረው።

ቻርሊ ቻፕሊን በ1964 የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም ስለ ልጅነቱ ረሃብ፣ ስለ እናቱ ሕመም፣ ስላገኛቸው ታላላቅ ሰዎች በሰፊው ተርኳል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለት ዓመት ገደማ ስለፈጀበት ስለ «ሰርከስ» አሠራር ግን የሚያወጋን የለም። መናኛ ፊልም ስለሆነ ነው እንዳንል፣ በ1928 ወጥቶ ሕዝቡን በሳቅ ያፈረሰ፣ በ1929 የአካዳሚው ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ለቻፕሊን ልዩ ሽልማት ያስገኘ ሥራ ነው። ታዲያ ለምን ዘለለው?

መጀመሪያ ፊልሙን ላላያችሁት ባጭሩ ላውጋችሁ። ያ ከባርኔጣውና ከከዘራው የማይለየው ከርታታ፣ ኪስ አውላቂ በሸጎጠበት ቦርሳ የተነሣ ሌባ ተብሎ ፖሊስ ያባርረዋል። ሲሮጥ ሰርከስ ድንኳን ውስጥ ዘው ይላል። ሕዝቡ በቀልደኞቹ ተሰላችቶ እያዛጋ ነበር፤ ይህን ነፍሱን ለማዳን የሚሮጥ ሰው ሲያይ ግን በሳቅ ይንከተከታል። ባለሰርከሱ በማግሥቱ ጠርቶ «እስቲ አስቀን» ሲለው አያስቅም። ሆኖም ዕቃ ተሸካሚዎቹ ደመወዛችን ይከፈለን ብለው ሥራ ጥለው ስለሄዱ፣ በእነርሱ ቦታ ይቀጠራል። ዕቃ ተሸክሞ ሲገባ ይደናቀፋል፣ ይሰብራል፣ ይገለብጣል፤ ሕዝቡ ይስቃል። የሰርከሱ ኮከብ ሆኗል፤ እርሱ ግን አያውቅም። ባለቤቱ ያውቃል፣ አይነግረውም። በተሸካሚ ደመወዝ ያሠራዋል።

እንግዲህ ይህን ነገር ልብ በሉት። ሰውየው የላቡን ዋጋ ብቻ አይደለም የተነጠቀው፤ ምን እንደሚያወጣ ማወቁንም ነው። ስለ ብዝበዛ በክፍል ውስጥ ብዙ ሰምተናል። እንዲህ በአንድ ድንኳንና በአንድ ደደብ መሳይ ተሸካሚ ቁልጭ ብሎ ሲቀመጥ ግን ማየት ብርቅ ነው።

ምሥጢሩን የምትነግረው የባለሰርከሱ የእንጀራ ልጅ ናት። ፈረስ ጋላቢ ናት፤ ትርዒቷ ሲበላሽ እንጀራ አባቷ ይደበድባታል፣ «ዛሬ ምግብ የለም» ብሎ ጦሟን ያሳድራታል። በእኛ ቋንቋ «እንጀራ አባት» ስንል አባትነቱን በሚቆርሰው እንጀራ እየለካን ነው። ይኸኛው ግን እንጀራውን የሚከለክል እንጀራ አባት ነው። አባትም ነው፣ አሠሪም ነው፤ ቤቱ መሥሪያ ቤት፣ ቅጣቱም ረሃብ ሆኗል። ከርታታው ካለችው ቁራሽ ያካፍላታል። በፊልሙ ውስጥ ቤተሰብ የሚባለው ነገር ያለው እዚያች ቁራሽ ላይ ብቻ ነው።

ቻፕሊን ይህን ከመጽሐፍ አልተማረም። በ1889 ሲወለድ አባቱም እናቱም የመድረክ ዘፋኞች ነበሩ። አባቱ መጠጥ ጥሎት በ1901 ሞተ። እናቱ ድምጿ ከዳት፤ በ1896 ልጆቿን ይዛ ለንደን ውስጥ የድሆች መጠለያ ገባች፤ ኋላም አእምሮዋ ታወከ። እርሱ ገና በሕፃንነቱ ከጨፋሪ ልጆች ቡድን ጋር እየዞረ እንጀራውን በመድረክ ላይ ፈለገ። ሲራብ ሕዝብ ያስቅ የነበረ ልጅ ነው ሲያድግ «ሰርከስ»ን የሠራው።

ነገር ግን ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆመው ከእውነቱ ግማሹን ደብቀናል። ሌላው ግማሽ ፊልሙ ሲሠራ የሆነው ነው።

ገና ቀረጻው ሳይጀመር ነፋስ ድንኳኑን ቀዳደደው። በ1926 መጀመሪያ ቀረጻው ተጀመረ። ቻፕሊን ተምሮ በእውነት ገመድ ላይ የሄደበት ፊልም በማጠቢያ ቤት ተጭሮ ተበላሸ፤ እንደገና መቀረጽ ነበረበት። በመስከረም 1926 እሳት ተነሥቶ የሰርከሱን መድረክ በላው። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ የቤቱ ምሰሶ ወደቀ፤ ሚስቱ ሊታ ግሬይ ሁለት ሕፃናት ይዛ ወጣች። በጥር 1927 የፍቺ ክስ መሠረተች፣ ንብረቱ ታገደ፣ ጋዜጣው ሁሉ የቤቱን ገመና አወጣው። ሥራው ስምንት ወር ያህል ቆመ። ነሐሴ ላይ ፍርድ ሲሰጥ ለእርሷ ከ600,000 ዶላር በላይ፣ ለልጆቹም በአደራ የሚቀመጥ ገንዘብ እንዲከፍል ተወሰነ። ወደ ሥራው ሲመለስ ጠጉሩ ሸብቶ ነበር ይባላል።

አንዳንድ የቻፕሊን ወዳጆች ይህን ሲተርኩ ቻፕሊንን ብቻ ያዝኑለታል። ኧረ ቆዩ! ሊታ ግሬይ በ1924 ሜክሲኮ ውስጥ ስታገባው አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ነፍሰ ጡርም ነበረች። እርሱ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበር፤ የምትሠራበትም ስቱዲዮ ጌታ እርሱ ነበር። በፊልሙ ላይ የተበደለችውን ልጅ የምትጫወተው ሜርና ኬኔዲ ደግሞ የሊታ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ ለቦታው ያሳሰበቻትም ሊታ ራሷ ናት። እንግዲህ በቀን ካሜራ ፊት አንዲትን ልጅ ከጨካኝ ጌታ የሚያድን ሰው፣ ማታ ሌላዋ ልጅ በጭካኔ ልትከሰው ወደ ምትዘጋጅበት ቤት ይመለስ ነበር። ከርታታው እርሱ ነው፤ ባለድንኳኑም እርሱ ነው።

በ1964ቱ መጽሐፍ ስለዚያ ጋብቻ የሚናገረው ጥቂት ነው። ያደጉ ልጆች ስላሉን ዝርዝሩን አላነሣም ብሎ ያልፈዋል። ለልጆች ማዘኑ ደግ ነው። ዝምታው ግን ሚስቱን ብቻ አልሸፈነም፤ ፊልሙንም አብሮ ቀበረው። እኔ እንደሚመስለኝ «ሰርከስ»ን ማንሣት ያንን ዓመት ማንሣት ስለሆነበት ነው።

የፊልሙን መጨረሻ ያየ ሰው ይህን ይረዳኛል። ልጅቷ ገመድ ላይ የሚሄደውን መልከ መልካም ሬክስን ወዳለች። ከርታታው ለራሱ ብሎ የገዛውን ቀለበት ለተቀናቃኙ ሰጥቶ ያጋባቸዋል። ሰርከሱ ጓዙን ጠቅልሎ ሲነሣ አብሯቸው አይሳፈርም። ሠረገሎቹ አቧራ እያስነሡ ይሄዳሉ፤ እርሱ ድንኳኑ ቆሞበት በነበረው ክብ መካከል ሣጥን ላይ ይቀራል። ኮከብ የተሣለባትን የወረቀት ቁራጭ ያነሣል፣ ይጨመድዳታል፣ በተረከዙ ጠልዞ ይሄዳል። ይህ ትዕይንት የተቀረጸው ከፍቺው ፍርድ በኋላ፣ በ1927 መኸር ነው። ያን ጊዜ እንኳ መከራው አልለቀቀውም፤ ሠረገሎቹን ተማሪዎች ለደመራ መሳይ እሳታቸው ሊያነዱ ሰርቀዋቸው ነበር አሉ! (ተማሪ የትም ያው ተማሪ ነው።) በዚያው ጥቅምት የመጀመሪያው ተናጋሪ ረጅም ፊልም «ዘ ጃዝ ሲንገር» ታየ። የድምፅ አልባው ፊልም ድንኳንም እየተነቀለ ነበር ማለት ነው። እናቱ በነሐሴ 1928 ሞተች።

ዝምታው ለዘለዓለም አልቆየም። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው አካባቢ ፊልሙን ከመደርደሪያ አወረደው፤ ሙዚቃ ደረሰለት፤ በ1969 እንደገና ሲወጣ የመክፈቻውን ዘፈን በራሱ የሽማግሌ ድምፅ ዘፈነ። ስክሪኑ ላይ የምትታየው ዥዋዥዌ የምትጫወተው ልጅ ናት። በመጽሐፉ ያልተናገረውን በዚያ ዘፈን ተናገረ ልል ፈልጌ ነበር። ግን ይቅርታ ጠየቀ ማለት አልችልም፤ ሰነዱ ይህን አይልም፣ የታሪክ ተማሪም ያላየውን አይመሰክርም።

ለመሆኑ እኛ ምን እናድርግ? ፊልሙን እንጣለው? አልልም። ሰውየውን እንቀድሰው? እርሱንም አልልም። የተሸካሚውን ሳቅ ሸጦ የሚበላውን ጌታ በዚያ መጠን ያጋለጠው፣ ጌታነትን ከውስጥ ስላወቀው ጭምር ይመስለኛል። ስለዚህ ፊልሙን ስታዩ ሳቁ፤ ያስቃልና። ሳቁ ሲያባራ ግን እንጀራውን ማን እንደቆረሰ፣ ማን ጦሙን እንዳደረ ጠይቁ፤ ስክሪኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ከስክሪኑ ጀርባም።