ዋዜማው የእርማት ጊዜ ነው፤ የዋግ የቃል ትምህርትና የፈተና ጥናት

በሰቆጣም ሆነ ወደ ተከዜ በሚወርደው የዝቋላ ቆላ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ የብዙ ተማሪ አጠናን አንድ ዓይነት ነው። ደብተሩን ዘርግቶ ከመጀመሪያው ገጽ ይነሣል፤ ደጋግሞ ያነብባል፤ እንቅልፉን ሠውቶ ይሸመድዳል። የመጨረሻዎቹ ቀናት ጥናት ከንቱ ነው የሚለውን የተለመደ ተግሣጽ አልቀበለውም። ጥቂት ቀናት ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ችግሩ ያለው በአጠቃቀማቸው ላይ ነው። በዚሁ አገር የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤቶች ለዘመናት ሲሠሩበት የኖሩት ልማድ የተሻለ መንገድ ያሳያል፤ ፈተና ሲደርስ ተማሪው መጽሐፉን ዘግቶ የሚያውቀውን በቃሉ ያውጣ፤ የተሳሳተውንም ያርም።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ በ1900 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እንደ ዋግ ላለ ገጠር ትምህርት ማለት የየኔታ ደጅ ነበር። ተማሪው ከፊደልና ከአቡጊዳ ተነሥቶ ዳዊት እስኪደግም ቀኑን ከመጽሐፍ ጋር ይውላል። ሲመሽ ግን መብራት የለም፤ ስለዚህ ሌሊቱ የቃል ትምህርት ጊዜ ሆነ። ከእራት በኋላ፣ ደግሞም ጎሕ ሳይቀድ፣ ልጁ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ውዳሴ ማርያሙንና መልክዐ ማርያሙን ከታላቅ ተማሪ አፍ ይቀበላል። ታላቁ አንድ ሐረግ ይሰጠዋል፤ ልጁ ተከትሎ ይላል፤ ቀጥሎ ያለ አጋዥ ብቻውን ይለዋል። የዘነጋው ቃል ላይ ሲደርስ እዚያው ተይዞ ይታረማል፤ ከታረመበትም ይቀጥላል። ቤቱ የአካባቢውን ቋንቋ ኽምጣናን እየተናገረ ላደገ ልጅ የግእዝ ቃል ለጆሮው ባዕድ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ ማውጣትና መታረም ባይኖር ኖሮ ከአእምሮው ባልቆየ ነበር። ይህን ሥርዓት የወለደው የመብራት እጦት ቢሆንም፣ ለተማሪው የሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው፤ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ የሚሸነግለው ገጽ ከፊቱ አልነበረም።

የከፍተኛው ትምህርት ማስመስከሪያም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ድጓ የተማረ ደብተራ ወደ ጋይንት ቤተልሔም የሚሄደው ያጠናውን ዜማ በቤተልሔም መምህራን ፊት ሊያቀርብ፣ ድጓውንም ከቦታው ድጓ ጋር ሊያስተያይና ሊታረም ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረውም ዙር አባ ላይ ያስመሰክራል። በእነዚህ ቦታዎች የመጨረሻው ደረጃ የእርማት ደረጃ ነው፤ ምስክርነት የሚገኘውም ስሕተትን በሊቅ ፊት አውጥቶ በማቃናት ነው።

የሥነ ልቦና ጥናትም ከዚህ ልማድ ጋር ይስማማል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ ሌላውን ግን አንድ ጊዜ አንብበው ከዚያ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ካነበቡት 81 በመቶ፣ በቃላቸው ካወጡት 75 በመቶ አስታወሱ። ከ2 ቀን በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት ወደ 54 በመቶ ሲወርድ በቃላቸው ካወጡት 68 በመቶ ያዙ። ከሳምንት በኋላም 42 ለ56 ሆነ። እንግዲህ ደጋግሞ ማንበብ የሚያዋጣው ፈተናው ደጅ ላይ ለቆመበት ሰው ነው። የብሔራዊ ፈተና ተማሪ ግን ለቀናት ተከታትሎ የሚቀመጥ በመሆኑ መጽሐፉን ዘግቶ ራሱን መጠየቅ ይሻለዋል። እንቅልፍም እንደዚሁ ነው፤ የተጠናው ነገር ነቅቶ ከመዋል ይልቅ ተኝቶ በማደር በተሻለ እንደሚጸና ጄንኪንስና ዳለንባክ እ.ኤ.አ. በ1924 አሳይተዋል።

የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ሽምደዳ ብቻ ነው፣ የዛሬው ፈተና ግን ማሰብን ይጠይቃል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። በንባብ ቤት ደረጃ ወቀሳው እውነትነት አለው፤ ብዙ ልጅ ትርጉሙን ሳይረዳ ዳዊት ደግሟል። ከዋግ ብዙም በማይርቀው በዋድላ ስመ ጥር የሆነው የቅኔ ትምህርት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። የቅኔ ተማሪ ግሱንና እርባ ቅምሩን በቃሉ ከያዘ በኋላ ቀን ለብቻው ተገልሎ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ያድጋል። ሰዓቱ ሲደርስ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰሙንና ወርቁን፣ አገባቡንም እየመረመረ ያርመዋል። ይህ የፈጠራ ሥራ ነው፤ መንገዱ ግን ያው አውጥቶ መታረም ነው። የሒሳብ ጥያቄ የሚሠራ ተማሪም መልሱን ሳያይ ሞክሮ ከተሳሳተበት እርምጃ ላይ ቢታረም በዚሁ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። የቅኔ ተማሪ ዓመታት ነበሩት፤ የዋግ ኽምራ ተማሪ ግን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት፣ መፈናቀልና ድርቅ ትምህርቱን አቋርጠውበታል። የፈተና ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል ብሔራዊው ፈተና በ2015 መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ፣ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ለዓመታት የጎደለ ትምህርት በአንድ ሳምንት አይሞላም፤ ይሞላል የሚል ምክር ተማሪውን ይበድለዋል። ነገር ግን ጊዜ ያጠረበት ሰው ነው ጊዜውን እንዳያባክን ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት። መጽሐፉን ዘግቶ የሚፈተን ሰው የሚያውቀውን ለይቶ ያልፈዋል፤ የቀረውን ሰዓት በሳተው ላይ ያውላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀትና አንድ አድማጭ ጓደኛ ነው፤ ሁለቱም ደግሞ መጽሐፍ ባጠረበት ትምህርት ቤት ሊገኙ ይችላሉ።

ስለዚህ ፈተና ሲቀርብ መምህራን በዋግ ትምህርት ቤቶች ቢያደርጉት የምለው ግልጽ ነው። ተማሪዎችን ሁለት ሁለት አድርገው እየተጠያየቁ እንዲተራረሙ ያድርጉ፤ አዲስ ምዕራፍ መጀመርን ይተዉ፤ በፈተናው ዋዜማ ተማሪው በጊዜ እንዲተኛ ያዝዙ። አካባቢው ይህን ሥርዓት ከሩቅ መማር አያስፈልገውም፤ የጎደለው በየኔታ ደጅ የታወቀውን ወደ ማትሪክ ክፍል ማሻገር ነው።