የምጣዱ ቀን

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው ደብረ ማርቆስ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ በምትገኝ ባለ 18 ክፍል ሆቴል ውስጥ ነው። ባለቤቲቱን ሁሉም ሰው እትዬ ይላቸዋል። እንግዳ በዚያ ብርድ በቀዝቃዛ ውሃ እንዳይታጠብብኝ ብለው የሚጨነቁ ሴት ናቸው። ያን ሰሞን ግን ሌላ ጭንቀት መጣባቸው። ፎቅ ላይ አምፖል በላይ በላዩ ይቃጠላል፤ ቴሌቪዥን ጨስ ብሎ ይጠፋል። ታች ሪሴፕሽኑ ጋ ደግሞ መብራቱ ከመፍዘዙ የተነሳ የእንግዳ መታወቂያ ማንበብ ያቅታል። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ሰዓት!

ያልተሞከረ ነገር የለም። ስታቢላይዘር ተገዛ፤ እሱም ተቃጠለ። የመብራት ሠራተኞች ተጠርተው መጡ፤ ቆጣሪው ላይ ለክተው «በእኛ በኩል ደህና ነው» ብለው ሄዱ። እትዬ አላመኑም። ሰዎቹ ግን እውነታቸውን ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሸምገል ያሉ ኤሌክትሪሽያን ተጠሩ። ጋሼ ካቻቢቴያቸውን እንኳ ሳያወጡ ቁጭ ብለው መጠየቅ ጀመሩ።

«እህቴ፣ መብራት ሄዶ በጄኔሬተር ስትሠሩስ እንዲህ ይሆናል?»

«ኧረ እንዲያውም ጋሼ፣ ሁለተኛው ቴሌቪዥን የተቃጠለው በጄኔሬተር ጊዜ ነው!»

ይቺን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። ከውጭ የሚመጣው መስመርና ጄኔሬተሩ የሚገናኙት ቼንጅ ኦቨሩ ላይ ነው። በሁለቱም ጊዜ ችግሩ አንድ ከሆነ፣ ብልሽቱ ከቼንጅ ኦቨሩ ወዲህ፣ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። አንዲት ብሎን ሳትፈታ ይህ ታወቀ።

ቀጥለው ሠራተኞቹን አስጠሩ። እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቃት እንጀራ ጋጋሪ ሊጡ ከእጇ ሳይለቅ መጣች።

«አባባ፣ እኔ ስጋግር ነው። ምጣዱን ስሰካው ታች ይፈዛል፤ ፎቅ የሚያጸዱት ልጆች ግን መብራቱ ቦግ አለ ይላሉ።»

ጋሼ ብድግ አሉ። ለምን መሰላችሁ? ሆቴሉ የሚሠራው በስሪ ፌዝ ነው፤ የሦስቱ ፌዞች የጋራ መመለሻ ኒውትራሉ ነው። ከአንዱ ፌዝ እስከ ኒውትራሉ 220 ቮልት፣ ከፌዝ ፌዝ ግን 380 ቮልት አለ። ኒውትራሉ ሲላላ መመለሻው ይጠብና ፌዞቹ ያንን 380 ይሻሙታል። ብዙ ጫና ያለበት ፌዝ ቮልቱ ይወርዳል፤ ጫናው የቀለለው ላይ ይወጣል። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ወጥ ቤቱ ሲደክም ፎቁ የሚነደው ለዚህ ነው።

ጋሼ ቴሌቪዥኑንም ፍሪጁንም አስነቀሉና ምጣዱን አስሰኩ። ቴስተሩ በወጥ ቤቱ ፌዝ 160 አነበበ፤ በሌሎቹ ሁለቱ 255። «ንቀይው! ንቀይው!» አሉ፤ ከብሬከር ሳጥኑ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸትቷቸዋል።

መስመሩም ጄኔሬተሩም ጠፍቶ፣ ኃይል አለመኖሩ በቴስተር ተረጋግጦ ሳጥኑ ተከፈተ። የኒውትራሉ ሽቦ አሉሚኒየም ነው፤ የታሰረው በቀጥታ መዳብ ላይ ነው። እንዲህ ያለ እስር እርጥበት ሲነካው ይበላል፤ እየጋለና እየቀዘቀዘ ሲከርም ይላላል። ልባሱ ቀልጦ ወርዷል፤ ብሎኑ ጠቁሮ በጣት ይዞራል። እትዬ አዩትና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከሳጥኑ በላይ ያለው ጣሪያ እንጨት ነው፤ ከዚያ በላይ ሰው ይተኛል። ስንቱ ቤት ነው አምፖል እየቀያየረ እንዲህ ካለ እሳት ጋር የሚያድረው! መብራት አንዱ ጋ ሲፈዝ ሌላው ጋ ቦግ ካለ፣ እባካችሁ ዋናውን ብሬከር አጥፉና ባለሙያ ጥሩ።

ጥገናው አጭር ነበር። የተቃጠለው ጫፍ ተቆረጠ፤ አሉሚኒየምን ከመዳብ ለማገናኘት የተሠራ ጫፍ ተገጠመለት፤ ብሎኑ ጠበቀ። ምጣዱ ዳግመኛ ሲሰካ ሦስቱም ፌዝ 220 አካባቢ ቆሙ።

እትዬ ቡና ይፈላ አሉ። ጋሼ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራቸው፤ «የቦይለሮቹ የመሬት ሽቦ የት ነው የተቀበረው?» የሚያውቅ ጠፋ። ሽቦውን ተከትለው ጓሮ ወጡ፤ ግድግዳው ሥር ተቆርጦ ሲሚንቶ ፈሶበታል። ሰው ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚታጠብበት ቤት ነው፤ ለነገ አላሉም። ቡናው እስኪፈላ ጉድጓዱ ተጀመረ፤ በማግስቱ አዲስ የመዳብ ዘንግ ተቀበረ፤ ቦይለሮቹም አንድ በአንድ ከእሱ ጋር ታሰሩ።